ቤቶች!

«ለአምስት ደቂቃ ትፈለጊያለሽ» ብለው ከጨርቅ ሱቄ ወሰዱኝ። መርካቶ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ሻጭ «የመጨረሻ ዋጋ» ሲል መጨረሻው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ያን ቀን ግን አመንኩና ሱቁን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ ወጣሁ። ጥፋቴ በስልኬ ያሰራጨሁት ጽሑፍ ነበር።

የፖሊስ ጣቢያው የሴቶች ክፍል በር ሲከፈት ብረቱ ሲሚንቶውን እየፋቀ ይጮኻል። መጀመሪያ ያየሁት ሰው አንዲት ሕፃን ናት፤ ገና ሦስት ዓመት አልሞላትም። ጥግ ላይ ቁጢጥ ብላ ሁለት እጆቿን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋለች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

እናቷ ወጣት ናት። ፖሊሶች ባሏን ሊይዙ ጎህ ሲቀድ የቤታቸውን በር ሰብረው ገቡ፤ እሱን ሲያጡት እሷን ወሰዱ። ልጇን የምትተውለት ዘመድ ስላልነበራት ይዛት መጣች።

«እቤት እያለን አፏ አያርፍም ነበር» አለችኝ። «ያን ቀን ‹አባዬ የለም› ካለቻቸው ወዲህ እማዬ እንኳን ብላኝ አታውቅም።»

በሩ ለቆጠራ ይከፈታል፣ ለምርመራ ይከፈታል፣ ለሽንት ቤት ይከፈታል። በተከፈተ ቁጥር የልጅቷ እጆች ወደ ጭንቅላቷ ይሄዳሉ። እኛ ትልልቆቹ ጩኸቱን ቀስ በቀስ ለመድነው። እሷ አልለመደችውም፤ ሌሊትም እየባነነች ትንቀጠቀጣለች። 

አብረውን አንዲት የበርበሬ በረንዳ ነጋዴ ታስረው ነበር፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ነጠላቸውን ባራገፉ ቁጥር ክፍሉ ሁሉ ያስነጥሳል። «መርማሪው እኔን ቢቀጥር ኖሮ በዚህች ነጠላ ብቻ ሁላችሁንም አናዝዝለት ነበር» ይሉናል።

አንድ ጠዋት እትዬ ብርድ ልብስ እንደ መጋረጃ አስያዙንና ከኋላው ሆነው ግድግዳውን ኳ ኳ አደረጉ።

«ቤቶች!»

«ማነው?» አልን።

«እኔ ነኝ፤ ልግባ?»

«ይግቡ! ቤት ለእንግዳ!»

ሲገቡ ሁላችንም ተነሥተን «ኖር!» አልናቸው። እሳቸውም «በእግዜር» ብለው ተቀመጡ። ልጅቷ ዓይኗን ከእሳቸው አልነቀለችም።

እንዲህ ስንጫወት ሰነበትን። አንድ ቀን እትዬ «ቤቶች!» ሲሉ እኛ አፋችንን ሳንከፍት ከእናቷ ጭን ላይ ቀጭን ድምፅ «ማነው?» አለ። እናቷ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና አለቀሰች።

በዚያው ቀን እትዬ ተረኛዋን ፖሊስ በር ላይ ያዟት።

«የኔ ልጅ፣ ስትመጪ አንኳኪና ቤቶች በይ። ለኛ ብዬ አይደለም።»

«እስር ቤት እኮ ነው፣ እናቴ!»

«አውቃለሁ። እሷ ግን አሁን ሌላ ቤት የላትም።»

ፖሊሷ በሩን ዘግታ ሄደች። በማግስቱ በቆጠራ ሰዓት በሩ ተንኳኳ። «ቤቶች» አለች፣ ጓደኞቿ እንዳይሰሟት ዝቅ አድርጋ። የልጅቷ እጆች ተነሡና ጭንቅላቷ ጋ ሳይደርሱ ቆሙ። «ማነው?» አለች። እኛም ለእንግዳ እንደሚነሣው ተነሣን። «ኖር!» አልን። ፖሊሷ ዓይኗን ወደ ጣሪያው አድርጋ «በእግዜር» አለችና ቆጠረችን።

ሌሎቹ ተረኞች ግን በሩን እንደ ቀድሞው ይበረግዱት ነበር።

ከተፈታን ከዓመታት በኋላ፣ በቅርቡ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ልጅቷን ከእናቷ ጋር አገኘኋት። ልጅቷ ተማሪ ሆናለች፤ ቁመቷ አምሯል። አባቷም በሰላም ወደ ቤቱ ከተመለሰ ቆይቷል። እየተሳሳምን ሳለ ከጎናችን አንድ ባለሱቅ የሱቁን የብረት በር ሽቅብ ሲወረውረው ልጅቷ ቁጢጥ ብላ ጭንቅላቷን ያዘች።

«ትምህርት ቤትም እንዲህ ናት» አለች እናቷ። «በር በተገፋ ቁጥር ትምህርቱ ከጭንቅላቷ ይጠፋል። ሐኪሙ አእምሮዋ ገና ሲሠራ ፍርሃቱም አብሮ ተሠርቷል አለኝ። በፍቅርና በጊዜ ይሻላታል ብሎኛል።»

አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ የእግረኛውን መንገድ በጣቴ ኳ ኳ አደረግሁ።

«ቤቶች» አልኳት።



«ማነው?» አለች በመጨረሻ። ደስ አለኝ፤ ልትነሣ ነው ብዬ እጄን ዘረጋሁ። እሷ ግን እጆቿን ከጭንቅላቷ ሳታወርድ፣ በዚያች በድሮዋ ቀጭን ድምፅ፣ «አባዬ የለም» አለች።