ሰው ሳይሞት የተነፋ ጥሩምባ

ሲስተር ዘኪያ ጉርድ ሾላ አካባቢ ባለች ትንሽ ጤና ጣቢያ ስትሠራ ብዙ ዓመቷ ነበር። ጠዋት ከመገናኛ በእግሯ ትመጣለች፤ ማታ በእግሯ ትመለሳለች። ድካሟ ፊቷ ላይ አይታይም፤ የሚታየው ወንበር ላይ ስትቀመጥ ነው። እንደዚያ የሚቀመጥ ሰው አይቼ አላውቅም። መጀመሪያ ትንፋሿ ይወርዳል፣ ቀጥሎ ትከሻዋ፣ በመጨረሻ እሷ።

ያ በጋ የማጅራት ገትር በጋ ነበር። ሕፃናት በእናታቸው ጀርባ ላይ አንገታቸው ደርቆ ይመጡ ነበር። ክትባቱ በሳጥን ደረሰ፤ ከሳጥኑ ጋር ደብዳቤ ደረሰ። የበላይ መሥሪያ ቤቱ ያለፉት ሦስት ዓመታት የበሽተኞች መዝገብ በእጅ ተገልብጦ እስከ ዓርብ እንዲቀርብለት ይጠይቃል፤ «ሥራ ተቋርጦም ቢሆን» ይላል። ካልቀረበ፣ ከሰፈሩ በታች ካለው ወንዝ ማዶ ለሚኖሩ ሰዎች የታሰበው ሁለተኛ ሳጥን አይለቀቅም።

የካርድ ክፍሉ ላጲሶ ደብዳቤውን ጮክ ብሎ አነበበላት።

«ሁለት ቀን እንዝጋና እንገልብጥ፣ ሲስተር።»

«በሁለቱ ቀን ታሞ የሚመጣውን ምን እንበለው? ዓርብ ተመለስ?»

«ሁለተኛው ሳጥን ካልመጣስ፣ የወንዙ ማዶን ሰው በምን እንወጋዋለን?»

 ዘኪያ የመስኮቱን አቧራ በጣቷ ጠረገች።

«ያለውን እንውጋ» አለች በመጨረሻ። «ከዚያ የቻልነውን ያህል እንገለብጣለን።»

ለክትባት ግን ሰው አልመጣም፤ ጣቢያውን የሚሞላው የታመመ ብቻ ነበር። ለእንጀራው ይሮጣል፤ ደግሞ መርፌው እጅ ያሰልላል የሚል ወሬ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት ዘኪያ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ጋሽ አስፋው ቤት ሄደች።

«ጋሽ አስፋው፣ ነገ ማለዳ ይንፉልኝ።»

«ማን ሞተ?»

«ገና ማንም።»

«ልጄ፣ ይሄ ጥሩምባ ለሞተ እንጂ ሊሞት ላሰበ አይነፋም።»

«አንዴ ብቻ። ጤና ጣቢያው ግቢ ለክትባት ተሰብሰቡ ይበሉ።»

አጉተመተሙ። ግን የጎረቤታቸውን ሕፃን በዚያው ሳምንት ቀብረው ነበርና እምቢ ማለት አልሆነላቸውም።

ማለዳ ነፉ። ሰፈሩ «ጤና ጣቢያው ግቢ» የሚለውን ሰማ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ለመስማት ማንም አልቆመም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ የድንኳኑን ቋሚ ተሸክመው መጡ። ዘኪያ አፏን ሳትከፍት ድንኳኑ ቆመ። ዛሬም ይገርመኛል፤ በዚህ ከተማ ለሞተ ሰው ድንኳን ለመትከል ደብዳቤ የሚጠብቅ የለም።

እትዬ አሰገደች እየጮኹ ገቡ። «ወይኔ! ማንን ነው? ማንን ነው?»

«ማንም አልሞተም፣ እትዬ። ለክትባት ነው የተጠራችሁት።»

«ለመርፌ ነው ይሄን ሁሉ ያነባሁት?» እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «በይ ውጊኝ! እንባዬ በከንቱ አይቅር!»

ሰው ሳቀ፤ ቆየም። የእድሩ ጸሐፊ እንደ ልማዱ መዝገቡን ገልጦ ስም ይጠራ ጀመር። የቀረ ይቀጣልና ማንም አልሄደም። እየተራ ወደ ክፍሉ ይገባሉ፤ ዘኪያ ቀና ሳትል ትወጋለች።

አቶ ገብረሰንበት ሰነዱን ሊወስዱ ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጡት በዚህ መሐል ነው። በሩ ላይ ድንኳን አዩ፣ የተዘቀዘቀ ነጠላ አዩ፣ ስም ሲጠራ ሰሙ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ላጲሶ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

«እግዜር ያጽናችሁ» አሉት በሹክሹክታ።

«አሜን» አለ ላጲሶ። መጽናቱ በእርግጥ ያስፈልገው ነበር።

ለቅሶ ላይ ሰነድ አይጠየቅም። አቶ ገብረሰንበት አንገታቸውን ደፍተው እስከ ቀትር ተቀመጡ። ክንዷን እያሻሸች የወጣች ሴት «ጌታዬ፣ እርስዎ አልተወጉም እንዴ?» ባትላቸው ኖሮ እስከ ማታም ይቀመጡ ነበር።

ተነስተው ወደ ክፍሉ ገቡ።

«ሲስተር፣ ማን ነው የሞተው?»

«የሞተ የለም።»

«ታዲያ እኔ ለማን ነው ሳዝን የዋልኩት?» ላብ የነካውን ባርኔጣቸውን አገላበጡት። «ሰነዱስ?»

«አልተገለበጠም።»

«ዛሬ ዓርብ ነው። ምን ብዬ ልመለስ?» አልተቆጡም፤ እሳቸውም ደክሟቸዋል። «ሳጥኑ ሰነዱን ላሟላ ጣቢያ ይሰጣል። በእኔ እጅ አይደለም።»

«ይሰጥ። እዚያም ሰው አለ» አለች። የወንዙ ማዶ እናቶች ግን ፊቷ ድቅን አሉባት። «ለየትኛው ጣቢያ ነው?»

አቶ ገብረሰንበት በሩን ዞረው አዩ። «ከኮተቤ በላይ ላለው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ወጡም።

ሰኞ ዘኪያ ወንዙን ተሻገረች። በር እያንኳኳች እናቶቹን ከነልጆቻቸው ሰበሰበችና ወደ ኮተቤ ዳገቱን ይዛቸው ወጣች። የዚያኛው ጣቢያ ሠራተኛ ሰልፉን አይቶ ደነገጠ።

«ሲስተር፣ እነዚህ የኛ አይደሉም። ቀበሌያቸው የት ነው?»

«እዚህ ደጅህ ቆመዋል» አለችው።

ሰውየው ራሱን አከከና መርፌውን አነሳ። እሷም ነጭ ጋውኗን ለብሳ ጎኑ ቆመች፤ ከሰዓት ድረስ ወጉ። ሳጥኑ ሲያልቅ ከሰልፉ ጫፍ የቀሩ ነበሩ። ሌላ ሳጥን መቼ እንደሚመጣ ጠየቋት፤ አላውቅም አለቻቸው። የአንዷን ልጅ ተቀብላ አዘለችና ይዛቸው ተመለሰች። መንገዱ ቁልቁለት ነበር፤ ማንም ግን አልፈጠነም።