ያልሄድኩባቸው ጠዋቶች

የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ጉደር ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው መድኃኒታቸውን ለመዋጥ በየጠዋቱ እኔን ይጠብቁ ነበር። ኦቦ ቶለሳ ይባላሉ፤ የሸነን ገበሬ ናቸው። ቲቢ ይዟቸው እዚያው አገራቸው ሕክምና ጀምረው ነበር፤ ግን እርሻው ሲደርስ አቋረጡትና በሽታው ተመለሰባቸው። ዳግመኛ እንዳይሳሳቱ ብለው ነው ጉደር መጥተው እኛ ሰፈር አንዲት ጠባብ ክፍል የተከራዩት። እናቴ ነርስ ነበረች፤ የሚታከሙትም እሷ ዘንድ ነበር።

መጀመሪያ ላይ እማዬ ራሷ ወደ ሥራ ስትሄድ ጎራ እያለች ታስውጣቸው ነበር። ታናሽ ወንድሜ ሲወለድ ግን ጠዋቷ ሁሉ በሕፃን ተያዘ። አባቴ እንጭኒ ያስተምር ስለነበር ቤት የሚመጣው ለቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። አንድ እሁድ ከቸርች ስንመለስ እማዬ እጄን ይዛ ኦቦ ቶለሳ ቤት ወሰደችኝና ሥራውን አስረከበችኝ። በሽታው ወደ ሰው የሚተላለፍበት ጊዜ እንዳለፈ በምርመራ ታውቋል፤ አትፍሪ አለችኝ። ባዶ ሆዳቸውን ሲወስዱት ስለሚያቅለሸልሻቸው፣ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል አደርስላቸዋለሁ። ሲውጡ ቆሜ አያለሁ። ከሰዓት በኋላ ቤት ስመለስ ደግሞ እማዬ በማስመሪያ አስምራ ግድግዳ ላይ በለጠፈችው ወረቀት ላይ የዕለቱን ራይት አደርጋለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው።

«ኦቦ ቶለሳ፣ ሲፈን ፊት ካልሆነ እንዳይወስዱ። ያለፈው ይበቃናል» አለቻቸው፣ ወደኔ እያመለከተች።

«እሺ ሲስተር፣ እንዳልሽው» አሉ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው።

ወደ ቤት ስንመለስ እማዬ፣ እግዚአብሔር ታማኝነታችንን ለማየት ትልቅ ሥራ እስኪሰጠን አይጠብቅም፣ ይቺን ዳቦ እንዴት እንደምታደርሺ ነው የሚያየው አለችኝ። በጣም ኮራሁ። የነርስ ረዳት የሆንኩ መሰለኝ።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አሁንም አስታውሳቸዋለሁ። ገና ከዳቦ ቤት የወጣ ዳቦ በፌስታል ይዤ ስሄድ ሙቀቱ ጣቶቼን ያሞቀኝ ነበር። መንገዱ በጤዛ የራሰ ባሕር ዛፍ ይሸታል፤ ጋሪዎች እየተንኳኩ ወደ ገበያ ይወርዳሉ። ኦቦ ቶለሳ ፊታቸውን ታጥበው፣ በራቸው ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። «አከም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ?» ይሉኛል፤ እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው። ዳቦውን ቆርሰው ለኔም ይሰጡኛል። ኮፍያቸውን አውልቀው አጭር ጸሎት ያደርጋሉ፣ ክኒኑን ይውጣሉ፣ ከዚያ መዋጣቸውን እንዳረጋግጥ እንደ ሕፃን አፋቸውን ይከፍቱልኛል። በሳቅ እፈርስ ነበር። የሚያወሩት ሁልጊዜ ስለ ልጃቸው ስለ ጫልቱ ነው። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ብቻቸውን ያሳደጓት አንድ ልጃቸው ናት፤ ከፋሲካ በኋላ ልትዳር ነው። ለሠርጉ የገዙት አዲስ ጋቢ ከነፌስታሉ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። «እስከዚያ እድናለሁ፤ መርቄ የምሸኛት እኔ ነኝ» ይሉኝ ነበር።

ያበላሸኝ ፔፕሲ ነው። የኔ ዕድሜ ሴቶች ታውቁታላችሁ፤ በካልሲ የተጠቀለለውን ኳስ ሁለት ልጆች ከዚህና ከዚያ ሲወረውሩ መሃል ሆኖ ማምለጥ። በዚያ ሰሞን የክፍላችን ልጆች ከሰልፍ በፊት መጫወት ጀመሩ፤ ዘግይቶ የመጣ አይገባም። የኦቦ ቶለሳ ቤት ደግሞ ከትምህርት ቤቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። አንድ ማክሰኞ መታጠፊያው ላይ ቆምኩ። የልጆቹ ጩኸት ከሩቅ ይሰማኛል። ትልቅ ሰው ናቸው፣ መድኃኒቱ እጃቸው ላይ ነው፣ ራሳቸው ይወስዱታል አልኩና ወደ ትምህርት ቤት ሮጥኩ። እንቁላሉን ከጓደኛዬ ጋር ተካፍለን በላነው። ከሰዓት በኋላ ቤት ስገባ እማዬ ወንድሜን እያጠባች፣ «ዋጡ?» አለችኝ። «ዋጡ» አልኳት። ወረቀቱ ላይ ራይት አደረግኩ።

ምንም አልሆነም። በነጋታው ስሄድ ኦቦ ቶለሳ እንደ ወትሮው ሰላም አሉኝ፤ ትናንት የት ነበርሽ አላሉኝም። ያ ልብ ሰጠኝ። በሳምንት አንድ ቀን የነበረው ሁለት ሆነ፤ አንዳንድ ሳምንት ሦስት ቀን እቀራለሁ። ራይቱ ግን አንድም ቀን አልቀረም። እንዲያውም ያልሄድኩበትን ቀን ራይት ይበልጥ አሳምሬ የምሠራው ይመስለኛል።

በዚያው መሃል አንድ እሁድ፣ በልጆች ፕሮግራም ላይ አስተማሪያችን ስለ ታማኝ አገልጋይ አስተማሩን። ሲጨርሱ ስሜን ጠርተው ወደ ፊት አወጡኝ። ትንሽ ልጅ ሆና በየጠዋቱ በሽተኛ ትጠይቃለች፣ ዳቦ ታደርሳለች ብለው ጭንቅላቴን ዳሰሱኝና አንድ ፓኮ ባለቀለም እርሳስ ሸለሙኝ። ልጆቹ አጨበጨቡ። እማዬ ወንድሜን አዝላ በሩ አጠገብ ቆማለች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። እዚያው ልቤ ውስጥ፣ ጌታ ሆይ ከነገ ጀምሮ አንድም ቀን አልቀርም አልኩ። ሰኞ ሄድኩ። ማክሰኞ ፔፕሲ ተጫወትኩ።

አንድ ጠዋት፣ ሁለት ቀን ቀርቼ ስደርስ፣ ዱካው አጠገብ የተቀመጠው የውኃ ኩባያ ላይ አቧራ አየሁ። ለመዋጫ ቀድተው ሲጠብቁኝ ውለው ነው። አየሁት፣ ገባኝ፤ እንዳልገባኝ ሆንኩ። እሳቸው ውኃውን ደፍተው ሌላ ቀዱ።

እማዬ ያወቀችው ቅዳሜ ቀን ነው። ልትጠይቃቸው አብረን ሄድን። ገና ከበራቸው ሳንደርስ ሳላቸው ተሰማን፤ ተሻሽሎ የነበረው ሳል ተመልሷል። ትከሻቸውም ሟሽሿል። እማዬ የክኒኑን ካርቶን ያምጡ አለቻቸው። ገልብጣ ስታየው ማለቅ የነበረበት መድኃኒት ሲሶ ያህሉ አለ።

«ምንድን ነው ይሄ ኦቦ ቶለሳ?»

ኮፍያቸውን አወለቁ። እማዬ ወደኔ ዞረች። «ሲፈን፣ በየቀኑ ሲውጡ አይተሻል አይደል?»

የእማዬን ቀሚስ ያዝኩ። ያኔ ኦቦ ቶለሳ ቀና ብለው አዩኝ። ቁጣ የለበትም አስተያየታቸው፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

«ልጅቱን አትጠይቂያት ሲስተር። ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «አፌ ውስጥ አድርጌ፣ እሷ ስትሄድ የተፋሁበት ቀን አለ። ያቅለሸልሸኛል።»

እናቴ እንደዚያ ስትቆጣ አይቼ አላውቅም። ነውር ነው አለቻቸው። ይህች ልጅ ቁርሷን ሳትበላ ለእርስዎ እየሮጠች፣ እርስዎ ያታልሏታል? ለልጅዎ ሠርግ ሳይሆን ለመቃብር ነው የሚደርሱት አለቻቸው። አንገታቸውን ደፍተው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው እያሻሹ እንደ ተማሪ ቁጣዋን ተቀበሉ። እኔ የእማዬን ቀሚስ ይዤ ከጎኗ ቆሜ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር። አልተናገርኩም።

ወደ አምቦ ተልከው ተመረመሩ። በሽታው አገርሽቷል፤ መድኃኒቱ ከመጀመሪያው ይጀመር ተባለ። እንደገና ወደ ሰው ሊተላለፍ ስለሚችል ለጥቂት ሳምንታት ከሰው እንዳይቀላቀሉ፣ ድግስም እንዳይሄዱ ታዘዙ። የጫልቱ ሠርግ በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ ዋለ።

የሠርጉ ዕለት እማዬ ስልኳን ሰጥታኝ ላከችኝ፤ ልጃቸውን በስልክ ይመርቁ ዘንድ። ቤት እንዳትገቢ፣ ደጅ ላይ ሆነሽ፣ ራቅ ብለሽ ደውዪላቸው አለችኝ። አዲሱን ጋቢ ለብሰው ደጅ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ደውዬ፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ፊታቸው ካለ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩላቸውና ፈቀቅ አልኩ። ከወዲያ ዘፈንና እልልታ ይሰማል። ጫልቱ «አባዬ!» ብላ አለቀሰች። እሳቸው ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ስልኩ ዘርግተው በኦሮምኛ መመረቅ ጀመሩ። ውለጂ፣ ክበጂ፣ ቤትሽ አይጉደል እያሉ ገና መሃል ላይ ሳሉ ኔትወርኩ ተቋረጠ። አላወቁም፤ መመረቃቸውን ቀጠሉ። አሜን የሚል አጥተው ቀና ሲሉ ተቋርጧል አልኳቸው። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ አልገባ አለ። ጋቢያቸውን ሰብስበው ተቀመጡ።

ያኔ ነው ያለቀስኩት። «ኦቦ ቶለሳ፣ እኔ ነኝ እኮ» አልኩ።

«አውቃለሁ፤ ያልመጣሽበትን ቀን የማላውቅ ይመስልሻል?»

«ታዲያ ለምን ራስዎ አልወሰዱትም?»

«አንቺ ፊት ካልሆነ እንዳልወስድ ለእናትሽ ቃል ሰጥቻለሁ። ዛሬ ትመጣለች፣ ነገ ትመጣለች እላለሁ። አልዋሽሽም፣ መድኃኒቱም ይከብደኝ ነበር።» ትንሽ አሰቡና፣ «ትንሽ ልጅ ስትገረፍ ማየት አልወድም። ለእናትሽ መንገሩን ግን አንቺ ታውቂያለሽ» አሉኝ።

ዕለቱን ነገርኳት። እማዬ አልመታችኝም፤ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ትታ እጇ አረፋ እንደ ሆነ ተቀመጠች። ማግስቱን አፍና አፍንጫዋን ሸፍና፣ እኔን አስከትላ ሄደች። በራቸው ላይ ተንበርክካ፣ «ኦቦ ቶለሳ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ባላጠፉት ነው ያዋረድኩዎት» አለቻቸው። እሳቸው «ኧረ ሲስተር፣ ኧረ በጌታ ተነሺ» ይላሉ፤ እሷ አልነሳም አለች። እናቴ በኔ ጥፋት መሬት ላይ ተንበርክካ አየኋት። ብትገርፈኝ ኖሮ ይሄኔ ረስቼው ነበር። በሚቀጥለው እሁድ እርሳሱን ለአስተማሪያችን መለስኩ፤ ለምን እንደምመልስም በራሴ አፍ ተናገርኩ። ከዚያ በኋላ እማዬ ወንድሜን አዝላ ራሷ ታስውጣቸው ጀመር። ኦቦ ቶለሳ የማታ ማታ ዳኑ፤ ጫልቱ መጥታ ወሰደቻቸው።

አሁን አምቦ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ጉደር ስሄድ ያ መታጠፊያ አስፋልት ሆኗል፤ ጋሪው በባጃጅ ተተክቷል። ልጆች በካልሲ ኳስ ሲጫወቱ አላይም፤ ባይም ቆሜ የማያቸው አይመስለኝም። የዚያን ዘመን ጓደኞቼ ስንገናኝ ስለ ፔፕሲ እያነሱ ይስቃሉ። አብሬ እስቃለሁ፤ ግን ቶሎ ወሬ እለውጣለሁ።

ባለፈው ዓመት አምቦ መናኸሪያ አንዲት ሴት ከኋላ ልብሴን ያዘችኝ። ልጅ አዝላለች፤ ሌላ ልጅ በእጇ ይዛለች። ጫልቱ ናት። አባቷ በእርጅና ማረፋቸውን ነገረችኝ። ከዚያ ልጇን ወደኔ ገፋ አድርጋ፣ «ሰላም በላት፤ አያትህን በየጠዋቱ ዳቦ እያመጣች መድኃኒት ታስውጥ የነበረችው እሷ ናት» አለችው። ልጁ እጄን ጨበጠኝ። ፈገግ ብዬ ባልፈው ማንም አይጠይቀኝም ነበር።

«በየጠዋቱ አልሄድኩም፣ ጫልቱ» አልኳት። «ለሠርግሽ ያልደረሱት በኔ ምክንያት ነው።» ሁሉንም እዚያው ሰው እየተጋፋን ነገርኳት።

የልጇን እጅ ለቀቀች። «ስንት ቀን ነው የቀረሽው?» አለችኝ።

«አላውቅም።» እውነቴን ነው፤ ሁሉም ቀን ላይ ራይት አድርጌበታለሁ።

ረዳቱ ሸነን፣ ሸነን እያለ ይጣራል። ጫልቱ ያዘለችውን ልጅ አስተካክላ የልጇን እጅ ያዘች። «አባዬ ግን እስኪሞት ድረስ፣ በየጠዋቱ ትመጣ ነበር ነው ያለን» አለችኝና መኪናው ውስጥ ገባች። ልጅ ሳለሁ ቢሆን፣ ሸፈኑልኝ ብዬ እፎይ እል ነበር። አሁን ግን መኪናው ከወጣ በኋላም ፊቴ እየነደደ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።