የማን ስንዝር ነው?

ከደብረ ታቦር እስከ ገሳይ «የአባትየው ልክ» የሚባለው የገበታ ልክ የአባትየው አይደለም፤ የእኔ ነው። ይህ በደል ተጽፎ ይቀመጥልኝ። ትምህርቴ ዳዊት ከመድገም ባያልፍም ለዚህች ያህል ይበቃል።

ንጉሡ ደብረ ታቦር በሰፈሩበት ዘመን ነው። አማቴ፣ የባሌ አባት፣ ለዘመድ ሠርግ ስጦታ የሚሆን ባለ እግር የዋንዛ ገበታ ይሠሩ ነበር። እሳቸው መሮውን ይይዛሉ፤ እኔ እንጨቱ ላይ የተጠመጠመውን ጠፍር ወዲህ ወዲያ እየሳብኩ አዞርላቸዋለሁ። የገበታው ልስላሴ ለጉንጭ ይመቻል። ግን አፉ ሰፊ፣ እግሩ ጠባብ ነው። በክርን ነካ ካደረጉት ዳቦውም ወጡም ጭን ላይ ነው።

የመጨረሻ ሴት ልጃቸው ገሳይ ልትዳር ሆነና የእሷን ገበታ ጀመሩ። በቤታችን ልማድ ሙሽራ በመልሷ ቀን በገዛ ገበታዋ ዳቦ ይዛ በእንግዳው ሁሉ ፊት ትዞራለች። አማቴ እንጨቱ ላይ እጃቸውን ዘረጉ።

«አፉ ሦስት ስንዝር።»

«የማን ስንዝር?» አልኩ።

«ስንዝር ስንዝር ነው! የማን ይባላል እንዴ?»

«የእርስዎ መዳፍ እኮ የአውድማ ላይዳ ያህላል፣ አባቴ። ልጅቱ ድንቢጥ ናት። ይዛው ልትዞር ነው ወይስ ልትተኛበት?»

«ጠፍርሽን ሳቢ!»

ጠፍሩን መሬት ላይ ጣልኩና እጄን አጣጥፌ ቆምኩ። ያለ እኔ እንጨቱ አይዞርም።

«እሺ፣ ንገሪኛ!»

ሙሽራዋን ጠርቼ እጇን አስዘረጋኋት። አፉ በእሷ ስንዝር ሦስት፣ እግሩ ሁለት፣ ጥልቀቱ በአውራ ጣቷ ቁመት። አማቴ «የጋን ክዳን ሠራን» እያሉ፣ እያጉረመረሙ ጨረሱት።

በመልሱ ቀን ገበታው ከልጅቱ ጋር አብሮ የተፈጠረ መሰለ። አንዲት ቁራሽ አልወደቀባትም። የገሳይ ሴቶች ጠርዙን እየዳሰሱ «የማን ልክ ነው?» አሉ። ከጓዳ አንገቴን አውጥቼ ጠበቅሁ። አማቴ ጠላቸውን ጎንጨት አሉ።

«የአባትየው ልክ ነዋ!» አለች አንዷ።

አማቴ አሁንም ዝም! ስሙ በዚያው ቀረ።

እኔም አላረፍኩም። ፋሲካ ይሁን ክርስትና፣ ገበታ በቀረበ ቁጥር «የማን ስንዝር ነው?» እላለሁ። እሳቸውን ያን ጊዜ ሳል ይይዛቸዋል።

ያኔ ትድህ የነበረችው ልጄ ለመዳር ደረሰች። አማቴ አርጅተዋል፤ ቢሆንም መሮውን አንስተው፣ ማንም ሳይነግራቸው፣ «ነይ እስቲ እጅሽን ዘርጊ» አሏት። እኔ ጠፍሩን ያዝኩ፤ ግን አልሳብኩም።

«አባቴ፣ የልጄ መልስ ሳይደርስ የእኔን መልስ ይስጡኝ። ያን ቀን ለምን ዝም አሉ?»

መሮውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ቢጠሉት ስድቡ በእኔ ይሁን ብዬ ነዋ።»

«ወደዱት እኮ!»

«እሱን አላሰብኩበትም ነበር» አሉ።