ለገምጋሚ የተላከው ጽሑፍ

ኢሶቤል በግላስጎው ስለ ግለሰብ ነፃነትና ስለ ነፃ ገበያ አሳቢዎች የሚያትት ብሎግ ልትከፍት ስትነሳ፣ የመጀመሪያውን ጽሑፍ የለመነችው ጡረታ የወጡትን መምህሯን ፕሮፌሰር ካልደርን ነበር። ያለ እሳቸው ጽሑፍ ልትከፍተው አልፈለገችም። ሽማግሌው በሳምንቱ ሁለት ገጽ ላኩላት፤ ዓሣ ሻጭ የዋጋን ነገር ከሚኒስትር አብልጦ ስለሚያውቅበት ምክንያት። እሷ ግን የዩኒቨርሲቲ ልማድ ሆኖባት ለሁለት ገምጋሚዎች መራችው። ከሦስት ወር በኋላ «የግርጌ ማስታወሻ ይጨመርበት» ተብሎ ተመለሰ።

ደውላ ነገረቻቸው።

«አንቺ ልጅ፣» አሉ እየሳቁ፣ «ሻጭ ሳያስፈቅድ ዋጋ ይቁረጥ ብዬ ለመጻፍ የሁለት ሰው ፈቃድ አስፈለገኝ?»

«ለክብርዎ ብዬ ነው፣ ፕሮፌሰር።»

«እሺ፣ ዓሣ ሻጩን ምንጭ አድርጌ እጠቅሰዋለሁ።»

ሳይጠቅሱት በጥር አረፉ። ኢሶቤል ብሎጉን በመጋቢት ከፈተች፤ ጽሑፋቸውንም አንዲት ፊደል ሳትነካ አወጣችው። በማግስቱ አንድ ተማሪ ከሥሩ «ሻጩ ቢሳሳትስ? ፕሮፌሰሩ ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል» ብሎ ጻፈ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ይወዱ ነበር። በእሳቸው ፈንታ ልትመልስ ሁለት ጊዜ ሞክራ ሁለት ጊዜ ሰረዘችው። በመጨረሻም «ጸሐፊው በሕይወት የሉም፤ በጊዜው ያላወጣሁት እኔ ነኝ» ብላ ጻፈችለት።