በወለቀ ትከሻ እስከ ሱሉልታ ሜዳ

ለጥምቀት ሦስት ቀን ሲቀረው በማለዳ ከጉለሌ ተነሣሁ። የጉዞዬ ዓላማ የአባቴን ፈረስ ከቡራዩ ወስጄ በሱሉልታ ሜዳ ጉግስ መጫወት ነበር። አባቴ ባለፈው ክረምት ዐርፈዋል። በሕይወት ሳሉ የሱሉልታ ሰው የሚጠራቸው በፈረሳቸው ስም «አባ ቦራ» እያለ ነበር። ዘመዶቻችንም «ዘንድሮ ልጃቸው ካልጋለበው ስሙ ከሜዳው ይጠፋል» ብለው ልከውብኛል።

ችግሩ ግራ ትከሻዬ ነው። ከገና በፊት ከትምህርት ቤት ጓደኞቼ ጋር ኳስ ስጫወት ወድቄ ወለቀ። ሐኪም ወደ ቦታው መልሶ ክንዴን በጨርቅ ከአንገቴ ጋር አሰረልኝ። እናቴ ግን የሰበታውን ወጌሻ ቃል ሳልሰማ ፈረስ እንዳልነካ አስጠነቀቀችኝ።

«ከፈቀደልህ ጋልብ» አለችኝ። «ካልፈቀደ የቦራን ግንባር ስመህ ተመለስ።»

ሰበታ

አውቶቡሱ ወደ ተጂ በሚሄዱ ነጋዴዎች፣ በጨው ከረጢትና እግራቸው በታሰረ ዶሮዎች ተጨናንቆ ነበር። በየጉድጓዱ ሲዘል ትከሻዬን በቀኝ እጄ እይዛለሁ። ከጎኔ የተቀመጡ ሴት «ልጄ፣ ምን ደብቀህ ነው?» ብለው ሳቁብኝ።

ለወጌሻው ለአያ መንገሻ ስለ አባቴ ፈረስና ስለ ጉግሱ ነገርኳቸው። ትከሻዬን በቅቤ እያሹ በአውራ ጣታቸው ሲጫኑት ላብ አጠመቀኝ።

«ክንድህን አንሣ።»

እስከ ወገቤ ተነሣ፤ ከዚያ በላይ እምቢ አለ።

«ጋሻ የምትይዘው በየትኛው ነው?»

«በግራ ነው፣ አባቴ።»

«ታዲያ ተባርረህ ስትሸሽ ጀርባህን በምን ልትሸፍን ነው? በጸሎት?»

«መጋለብስ እችላለሁ?»

«መጋለብማ ትችላለህ፤ መውደቅ ነው የማትችለው። እንደገና ከወጣ እየለመደ ይሄዳል፤ ሸሚዝ ስትለብስ እንኳ ይወልቃል።»

«ልተወው?»

«እኔ የማየው አጥንት ነው። የአባትህን ነገር አንተ ታውቃለህ።»

ፈቀዱልኝ ወይስ ከለከሉኝ? አውቶቡስ እስኪመጣ ድረስ መንገድ ዳር ቆሜ አሰብኩ፤ አላወቅሁም።

ቡራዩ

በማግስቱ በአምቦ መንገድ ቡራዩ ደረስኩ። አጎቴ ኦቦ ጉደታ ከገፈርሳ ውሃ በታች ገብስ ያስወቃሉ። «ኣካም ጅርታ፣ ኢልማ ኮ! እንደምን ነህ፣ ልጄ!» ብለው ሲያቅፉኝ ጮህኩ። ጋቢዬን ገልጠው የታሰረውን ክንዴን አዩ።

«ቶለሳ አለልህ እኮ» አሉ። ቶለሳ ልጃቸው ነው፤ እኩዮች ነን። «አባትህ ካረፉ ወዲህ ቦራን ሲያሯሩጥ የከረመው እሱ ነው። ግን የአባትን ፈረስ ሜዳ የሚያስገባው ልጅ ነው ብሎ ትናንት በእግሩ ወደ ሱሉልታ ሄደ።»

ያቀረቡልኝን ጭኮ እየበላሁ ቦራን ከሩቅ አየሁት። ቀላ ያለ ዳማ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው። ስጠጋው ጆሮውን ወደ ኋላ አጠፈ። የፈራሁትን ያወቀብኝ መሰለኝ።

በጋራው ላይ

በከተራ ዕለት ጠዋት አጎቴ ቦራን ከአንድ ትልቅ ድንጋይ አስጠግተው ኮርቻው ላይ አወጡኝ፤ የአባቴን ጋሻም ከኋላዬ አሰሩልኝ። መንገዱ በባሕር ዛፍ ደን ውስጥ ሽቅብ ይወጣል። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ቁልቁል ይወርዳሉ። የቦራ እግር ጠጠር ላይ በተንሸራተተ ቁጥር ጋማውን በቀኝ እጄ እጨብጣለሁ።

ጋራውን ጨርሼ ወደ ሱሉልታ ስወርድ አንድ ሽማግሌ ከዘራ ይዘው በእግራቸው ሲመጡ አገኘኋቸው። በአገራችን ፈረሰኛ ሽማግሌ ሲያገኝ ይወርዳል፤ ጋቢውንም ከትከሻው ዝቅ አድርጎ እጅ ይነሣል። እኔ ግን ከወረድኩ ማን ያወጣኛል? ጋቢውን ዝቅ ካደረግሁም የታሰረው ክንዴ ይታያል። ስለዚህ ከላይ ሆኜ «ኣካም ጅርቱ፣ አባቴ?» ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

ሽማግሌው ቆሙ። የፈረሱን ግንባር፣ ከዚያም እኔን አዩ።

«ቦራን ዐወቅሁት» አሉ። «የተቀመጠበትን ግን አላወቅሁትም።»

ፊቴ ነደደ፤ ግን አልወረድኩም።

ሱሉልታ

በጥምቀት ዕለት ታቦቱ ከገባ በኋላ ሕዝቡ ወደ ሜዳው ጎረፈ። በድርቆሽ ክምሮች መካከል ፈረሶች ያሽካካሉ። የጫንጮ ፈረሰኞች በወዲያ፣ የእኛ ወገን በወዲህ ተሰልፏል።

ቶለሳ እየሮጠ መጣ። «አንተ! ትናንት መንገድ ላይ ኦቦ በዳዳን ከኮርቻ ላይ ሆነህ ሰላም አልካቸው? የአባትህ የጉግስ ጓደኛ፣ የወገናችን አለቃ እኮ ናቸው! የአባ ቦራ ልጅ ኮርቻው ላይ ተሰፍቶ ነው የመጣው እያሉ እየሳቁብን ነው።»

ከወዲያ አንድ የጫንጮ ሰው ዘንጉን እያወዛወዘ «ተማሪው! ለእኛም ከላይ ሰላም በለን እንጂ!» ብሎ ጮኸ።

ያን ጊዜ ካልጋለብኩ አፈር ልብላ አልኩ። ቶለሳ ደግፎ አወጣኝ። ክንዴን ከጨርቁ አውጥቼ የአባቴን ጋሻ ያዝኩ። ጋሻው ጉልበቴ ላይ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ተንጠለጠለ። ብሸሽ ጀርባዬ ባዶ ነው። የጫንጮው ሰው ዘንጉን በመዳፉ ሲመዝን አየሁት።

ወረድኩ። ወረድኩ ከማለት ተንሸራተትኩ ማለት ይሻላል፤ ጋሻው ከእጄ ወደቀ። ሳቅ ተሰማ። ከሰልፉ ፊት ለፊት ወደ ቆሙት ኦቦ በዳዳ ሄጄ ጋቢዬን ከትከሻዬ አወረድኩ።

«ኣካም ጅርቱ፣ ኦቦ በዳዳ። ትናንት ያልወረድኩት ከወረድኩ መውጣት ስለማልችል ነው። ትከሻዬ ወልቋል። ቦራን ቶለሳ ይጋልበው።»

እጠብቅ የነበረው ማዘናቸውን ነው፤ እሳቸው ግን ተቆጡ።

«በዚህ ክንድ ልትሰለፍ ነበር? ጋሻ ማንሣት የማይችለውን የመታ ሰው ፊቱን ወዴት ያዞራል? እሱን አላሰብክም? ለእናትህስ ምን ብለን እንላክላት?» ከዚያ ወደ ቦራ ሄደው ጎንበስ ብለው የአባቴን ጋሻ ከመሬት አነሡና አቧራውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ለቶለሳ ሰጡት። «ስታልፍ የማንን ስም እንደምትጠራ ታውቃለህ።»

ቶለሳ «አባ ቦራ!» እያለ ፈረሱን ለቀቀው። የጫንጮው ሰው ከኋላ ደረሰበትና ወረወረ። ቶለሳ ጋሻውን ወደ ግራ ትከሻው አዞረ፤ ዘንጉ የጋሻውን ቆዳ ሲመታ ድው አለ። እኔ ዳር ቆሜ ትከሻዬን ያዝኩ። ኦቦ በዳዳ አይተውኝ ጋቢዬን መልሰው አለበሱኝ።

ወደ ቤት

በማግስቱ በጭነት መኪና እንጦጦን ተሻግሬ ወደ ጉለሌ ተመለስኩ። ጉዞው ያስተማረኝን በሐቀኝነት ልጻፍ፦ ሦስት ቀን ሙሉ የፈራሁት መውደቅን ይመስለኝ ነበር፤ ይበልጥ የፈራሁት ግን ከፈረስ ስወርድ ሰው እንዳያየኝ ነበር። ያ የጋሻ ድምፅ አሁንም ከጆሮዬ አልወጣም።

እናቴ ሰላም ሳትለኝ በፊት ትከሻዬን ዳሰሰች።

«ቦራን ማን ጋለበው?»

«ቶለሳ።»

«አንተስ?»

«እኔ ወረድኩ።»

እጇን ከትከሻዬ ሳታነሣ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።