በሬድዉዱ ጫካ የወጡ ሁለት ቢላዎች

ሦስት ነበርን። አንደኛው ሰኢድ ነው፤ የወሎ ልጅ፣ የሆቴል አውቶቡስ ሹፌር፣ ተናግሮ የማያስቀይም ሰው። ሁለተኛው በቀለ ነው፤ ካዚኖ ውስጥ ካርድ አዳይ፣ ያለ ቀልድ ውሎ የማያድር። ሦስተኛው እኔ ነኝ። ጠመንጃው የኔ ነበር። አደንን ማንም አላስተማረኝም፤ እያነበብኩና እየተሳሳትኩ ነው የተማርኩት። እናንተ ልጆችም ዘንድሮ የአደን ፈቃድ አውጥታችሁ ልትሄዱ ነው አሉ። እንግዲያው ስልካችሁን አስቀምጡና ስሙኝ።

የኮሮናው ዓመት ነው፣ ጥቅምት ሲገባ። የሥራ ሺፍታችን ተቆራርጦ ሦስታችንም ሥራ ፈትተናል። ጎህ ሲቀድ ከሰፈራችን ከሲልቬራዶ ራንች ተነስተን ቀኑን ሙሉ ነዳንና የሰሜን ካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ ደረስን።

መንገዱን ሁሉ የተከራከርነው ስለ አንድ ነገር ነው፤ አጋዘኑ ሲወድቅ ማን ይባርከዋል? ሰኢድ ካረደው እኔና በቀለ አንበላም። እኛ ካረድነው እሱ አይበላም። ቢላዋ ሳይደርስበት በጥይት ከሞተ ደግሞ ለሁላችንም በክት ነው።

«ሰኢዶ፣ ያ ቢላዋህ ሽንኩርትስ ይልጣል?» አለ በቀለ።

«ያንተን ደግሞ የማውቀው የልደት ኬክ ሲቆርጥ ነው» አለው ሰኢድ።

እኔ ፈረድኩ። የመጀመሪያው አጋዘን የሰኢድ፣ ሁለተኛው የኛ። እሺ አሉ። አንድ ነገር ጨመርኩ፤ «የወደቀ አውሬ ሁሉ አልሞተም። እኔ ቀድሜ ቀርቤ ኑ ሳልላችሁ ማንም እንዳይነቃነቅ።» ለዚህም እሺ አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ጫካው ውስጥ ስንገባ ጉሙ ከባሕሩ ወጥቶ ሬድዉድ የሚሉትን ግዙፍ ዛፍ ግንድ ከወገቡ በላይ ውጦታል። መሬቱ እርጥብ ስለሆነ እግር ድምፅ አያሰማም። ግንደ ቆርቁር ከላይ ያንኳኳል። አንዲት የዱር ድመት መንገዱን አቋርጣ፣ ዞር ብላ አየችንና ሄደች። ሰኢድ እጁን ግንዱ ላይ አድርጎ «ሱብሃነላህ» ሲል ሰማሁት። እዚያው ብንመለስ ኖሮ ምን ነበረበት?

ወንዝ ዳር የወንድ አጋዘን ኮቴ አገኘን፤ ሰፊ፣ ከኋላው ጭቃው ላይ ጠልቆ የገባ። በጠጡ ገና ይተናል። ነፋሱ ከፊታችን ነበር። ቀስ ብለን ስንከተል ቅጠላማው ቁጥቋጦ ውስጥ ቆሞ አየነው። ቀንዱ እንደ ሹካ የተከፈለ ነው። ተንበርክኬ ተኮስኩ፤ ባለበት ወደቀ።

«ቁሙ» አልኩ።

በቀለ ቢላዋውን መዘዘና እየሳቀ ሮጠ። «በስመ አብ ልለው ነው፣ ሰኢዶ። ዛሬ ጾመኛ ነህ።» ሰኢድም «ተራው የኔ ነው» እያለ ተከተለው። ጮኼ ስማቸውን ጠራሁ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ የልጆች አባቶች፣ በእጃቸው ራቁት ቢላዋ ይዘው በሚያዳልጥ ቅጠል ላይ ይሽቀዳደማሉ።

ጥይቴ ከፍ ብላ አከርካሪውን ነካ አድርጋ አደንዝዛው ብቻ ነበር። በቀለ ሊደርስበት ሲል አጋዘኑ ተነሳ። በቀለ ወደ ጎን ዘለለ። ከኋላው የነበረው ሰኢድ ማቆም አልቻለም። ቀንዱ ቀኝ ጭኑ ውስጥ ገብቶ ወደ ላይ አነሳው። መተኮስ አልቻልኩም፤ አውሬውና ሰውየው አንድ ላይ ናቸው። የአውሬው ትንፋሽ ፊቴን እስኪነካኝ ቀርቤ አፈሙዙን አንገቱ ላይ አድርጌ ጨረስኩት።

ደሙ እንደ ቧንቧ ነበር። በቀበቶዬ ከቁስሉ በላይ አጠበቅኩ፣ እንጨት አስገብቼ ጠመዘዝኩ። ስልክ ቼክ አደረግሁ፤ ኔትወርክ የለም። ኮታችንን በሁለት እንጨት ወጥረን ሰኢድን በላዩ ተሸክመን ወጣን። ሰኢድ ፊቱ አመድ መስሎ «ለልጆቼ ምን ትላቸዋለህ?» ይለኛል። መንገድ ላይ ያገኘን የአገሬው ሰው በመኪናው ወሰደን። በወረርሽኙ ምክንያት ሆስፒታሉ ሰኢድን ተቀብሎ እኛን ከበር መለሰን።

መኪና ማቆሚያው ላይ ቁጭ እንዳልን በቀለ «ቀልዴን እኮ ነው። ሰኢድን ላስደነግጠው ብዬ እንጂ አጋዘኑን ልባርከውም አልነበረም» አለኝ። ተነስቼ ሄድኩ። ባልሄድ እመታው ነበር።

አንተ እዚያ ጥግ ያለኸው፣ ምን ያስቅሃል? ከዚያ ወዲህ ከኔ ጋር የሚሄድ ሰው ቢላዋው የኔ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጣል። እኔ ወርጄ፣ የአውሬውን ዓይን በረጅም እንጨት ነክቼ፣ ከዚያ እጠራዋለሁ። እስከዚያ ከሞተ በክት ይሁን፤ ባዶ እጃችንን እንመለሳለን። ይህ የማይስማማው ሰው ካለ ፈቃዱን አሁኑኑ ይቅደድ። ሃይማኖታችሁን አልነካሁም። በሰው ሃይማኖት መቀለድ ግን ሃይማኖት አይደለም፤ ባለጌነት ነው። ሰኢድ ይቅር ብሎታል። እኔ አልቻልኩም፤ አለመቻሌንም አልደብቃችሁም።

የከፈልነው ይህ ነው። የሰኢድ ቀኝ እግር ከጉልበት በታች አይታዘዘውም፤ ፍሬን መርገጥ ስለማይችል አውቶቡሱን ተወ። ሚስቱ ደራርባ ሁለት ሺፍት ትሠራለች። በቀለ ሰው ሲሸሸው ቤቱን ለቆ ራቅ ወዳለው አሊያንቴ ሰፈር ገባ፤ ልጆቹም ከሰኢድ ልጆች ተለያዩ። እኔ ሁለት ጓደኛ አጣሁ፤ አንዱን በቁጣዬ፣ ሌላውን በሐፍረቴ፣ ሲያነክስ እያየሁ አብሬው መሄድ አቅቶኝ። አጋዘኑ ነፍሱን ሰጠ። ሥጋውን ያ በመኪናው የወሰደን ሰው በኋላ ጫካው ተመልሶ ጭኖ ሄደ፤ ከሦስታችን አንዳችንም አልቀመስነውም።