ትንሿ ጀልባ የት ትጫን?

ዛሬ ጠዋት ተከራዬ ሰሚራ ከጀልባ ሥር ጎትታ አወጣችኝ። ሰበታ መቼ ሐይቅ አላት እንዳትሉኝ፤ ጀልባዋ ያለችው ግቢዬ ውስጥ ነው።

እኔና ጎረቤቴ ኦቦ ቶሎሳ ዝዋይ ሐይቅ ላይ እያደርን ልንዞርባት ያዘጋጀናት ባለሞተር ጀልባ አለችን። ወደ ዳር መውጫ የምትሆነንን ትንሿን ጀልባ የት እንጫናት በሚለው ግን ሳንስማማ ክረምቱ አለፈ።

የትልቋን የኋላ ቦታ ሞተሩ ይዞታል። እኔ "በገመድ አስረን እንጎትታት" እላለሁ። እሱ ደግሞ "ለሁለት አንስተን የትልቋ ጣሪያ ላይ እንጫናት!" ብሎ ይደነፋል።

በቅርቡ ጉልበቱን ሲያመው ልጁ ኮዬ ፈጬ ወደሚገኘው ቤቷ ወሰደችው። ከዚያ ወዲህ የሚከራከረኝ ሰው የለም።

ዛሬ ትንሿን ብቻዬን ጣሪያው ላይ ላወጣት ተነሳሁ። ፎቶ ልኬለት "እሺ አሸነፍክ፣ በል ና" ልለው ነበር ሐሳቤ። ጀልባዋ ግን ተንሸራታ ወረደችና ከደነችኝ።

"አባባ! ተርፈዋል?" አለች ሰሚራ እየሮጠች።

"የሚከራይ ክፍል ካለ እያየሁ ነው" አልኳት ከውስጥ።

ለቶሎሳ ደውዬ ነገርኩት። እስኪበቃው ሳቀ።

"አንተ ጃርሳ፣ በሽምግልናህ ብቻህን ምን ያንጠራራሃል? እንዳልከው በገመድ ጎትታት" አለኝ። ለመጎተት ሁለት ሰው አያስፈልግም።

ክረምቱን ሙሉ የተሟገትኩበትን ክርክር አሸነፍኩ። ስልኩን ዘግቼ የተገለበጠችው ጀልባ ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ።

እናንተስ፣ ምነው በተሸነፍኩ ያላችሁበት ክርክር አለ? ጻፉልኝ፤ ሁሉንም አነባለሁ፣ ጊዜ ሞልቶኛል።